ካርቶኑ ላይ ያለው ዘይት

ሚጢጢ ሞተሩ ለሌላ ሰው እንደተሰጠባት የሰማችው ጥርሷን እየቦረሸች ነው። የመታጠቢያ ቤቱና የሳሎኑ ግድግዳ ስስ ጣውላ ስለሆነ በዚያ ቤት ምስጢር ብዙ ዕድሜ የለውም፤ አባቷ ደግሞ ስልክ ሲያወሩ ድምፃቸው ያለ ስልኩም የሚደርስ እስኪመስል ይጮኻሉ። «ልጅሽ ይምጣና ይውሰደው» አሉ። ወዲያ ማዶ ያሉት እህታቸው መሆናቸው ታወቃት። «አስር ሰዓት ላይ ይዘሽው ነይ። ይቺ ልጅ ፈጀችው እኮ። ጉድጓድ አይታ አታልፍም፣ ስማው ነው የምትሄደው። በዓመት ሦስተኛ ጊዜው ነው ዘይት ሲያፈስ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳ አንዲት ጠብታ አላየሁም።» ሚጢጢ አፏ አረፋ እንደሞላ ቆማ ቀረች። ከዚያ ተፋችውና ሳትጉመጠመጥ ወጣች።

ሞተሩ የሚያድረው ሳሎን ውስጥ፣ በሶፋውና በፍሪጁ መካከል ነው። ውጪ ካደረ ጠዋት መስታወቱ ወይም ባትሪው ወይም እንዳለ ራሱ ስለማይገኝ፣ በየቀኑ አመሻሽ ላይ ሦስቱን ደረጃ በጣውላ እየተገፋ ይገባል፤ ዘመድ ሲመጣ ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ከመሪው ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኖ ይጫወታል። ከፊት ጎማው ሥር የቴሌቪዥን ካርቶን ተነጥፏል። ካርቶኑ ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር የዘይት ምልክት አለ፤ ትናንት የሳንቲም ያህል ነበር። ዘይቱ የሚመጣው የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘው ከሚወርዱት ሁለት የሚያብረቀርቁ ዘንጎች ነው። መንገዱ ሲያንገጫግጭ ዘንጎቹ ወደ ውስጥ እየገቡና እየወጡ ንዝረቱን ይውጣሉ፤ ውስጣቸው ያለው ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክለው ቀለበት የሚመስል ጎማ ነው። ያ ጎማ ነው እንግዲህ ሁለቴ ተቀይሮ ለሦስተኛ ጊዜ እጁን የሰጠው። አባቷ እንደ ወትሮው በርጩማቸው ላይ ሆነው ዘንጎቹ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ስትገባ ሲያዩ ቀኝ እጃቸውን ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ከተት አደረጉና በግራው፣ በጨርቅ፣ መወልወል ጀመሩ።

«ደህና አደርክ አባዬ።»

«ደህና።»

ሌላ ነገር ይሉ እንደሆነ ጠበቀች። እሳቸውም ትጠይቃቸው እንደሆነ ሳይጠብቁ አልቀሩም። ከማዕድ ቤት የእናቷ ድምፅ መጣ፦ «የድስት መፈግፈጊያዬን ማነው የሚበላው? እሁድ ነው የገዛሁት። በዚህ ቤት ሽቦ የሚበላ አይጥ አለ ልበል?» አባትና ልጅ ሁለቱም ካርቶኑን አዩ። በእነሱ ቤት ኩርፊያ ድምፅ የለውም፤ ያኮረፈ ሰው ሥራ ያበዛል እንጂ። አባቷ ጨርቁን አራግፈው መስታወቱን መወልወል ቀጠሉ፤ እሷም ጫማዋን ፈትታ እንደገና አሰረች።

ሚጢጢ የሚሏት የቤቱ መጨረሻ ልጅ ስለሆነች እንጂ ቁመቷስ የአባቷን ያልፋል፤ ሠላሳ ለመድፈንም አንድ ዓመት ነው የቀራት። ሥራዋ ከየክሊኒኩ የደም ናሙና ሰብስቦ በበረዶ ሣጥን ላብራቶሪ ማድረስ ነው። የቀጠሯት ሞተር ስላላት ነው፤ ሞተሩ ከሄደ ሥራውም አብሮ ይሄዳል። ሞተሩ ግን በአባቷ ስም ነው። ፖስታ አዳይ ሆነው ኖረው ጡረታ ሲወጡ በተሰጣቸው ገንዘብ ገዙት፤ ስምንት ወር እንደነዱት ጉልበታቸው አልታጠፍ አለና ቁልፉን ለእሷ አቀበሏት። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትታ ያ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ፍሪጁ ሲያጉረመርምና ሲያቆም ስታዳምጥ ኖራለች። ያንን ሶፋ ትፈራዋለች። ሌላ ነገር እንዲህ አትፈራም፤ በከባድ መኪኖች መካከል ስትሾልክ እንኳ።

እስከ አስር ሰዓት ካሠራችው ግን፣ ዘይቱ ከቆመ፣ አባቷ የሚያማርሩበት ምክንያት አይኖራቸውም። ይህን ይዛ ሞተሩን ገፍታ አወጣች። ለላብራቶሪው ስምሪት ክፍል ደውላ ግማሽ ቀን ለመነች፤ «ዛሬን ብቻ» አሏት፣ ሳይወዱ በግድ። ከሰፈሩ መውጫ ላይ ከፈነዳ ከከረመ ቧንቧ የሚፈሰው ውሃ መንገዱን ቆፍሮ ጭቃ የሞላ ጉድጓድ አበጅቷል። ሚጢጢ እዚያ ስትደርስ እንደ ሁልጊዜው ወርዳ፣ አጥሩን ታክካ፣ ሞተሩን በእጇ ገፍታ አሳለፈችው። ስትገፋው ሳቅም እልህም ያዛት፤ ጉድጓድ የምትስመው ልጅ እንግዲህ ይቺ ናት።

ጋራዡ ከሁለት ፎቅ ቤቶች መካከል የተሰነቀረ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ባለቤቱን ሁሉም ሰው ባለጥፍሩ ይለዋል። ዘጠኙ ጣቶቹ ግራሶ ለብሰው የማን እንደሆኑ አይታወቁም፤ የግራ አውራ ጣቱን ጥፍር ግን አሳድጎ፣ በሳሙና ፈትጎ፣ እንደ ሙሽራ ይንከባከባታል። ብረት የሚመረምረው በእሷ ነው። ደንበኞቹ ይቀልዱበታል፤ እሱ ግን ዓይን ያታልላል፣ ጥፍር አያታልልም ባይ ነው። ሚጢጢን ሲያያት መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ዘንጎቹን ሲያይ ደግሞ ፊቱ ጠቆረ። የሠራው ሥራ ሲመለስበት አይወድም።

«ደግሞ?»

«ደግሞ። ምን ዓይነት ጎማ ነው የምትገጥመው አንተ? የውሸት ነው አይደል?»

«እኔ ላይ መጣሽ? ለሌላው ስገጥም ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት ይቆያል። አንቺ ላይ ሲደርስ ነው ውሸት የሚሆነው?» አለና እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ምናልባት መንገድ አትመርጪም ይሆናል።»

እንዲህ ሲላት ከቤት የተነሣች የአባቷ ወሬ እዚህም ቀድማት የደረሰች መሰላት። የተጋደመ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ተቀመጠች፣ ወዲያው ተነሣች። ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ተኩል። ባለጥፍሩ ሞተሩን በእንጨት ሣጥን ከፍ አድርጎ የፊት ጎማውን ፈታ፣ ፍሬኑን ፈትቶ በሽቦ አንጠለጠለው፣ ዘንጎቹን ያቀፉትን ቡሎኖች አላላና አንዱን እግር፣ ዘንጉን ከነቱቦው፣ እያወዛወዘ ወደ ታች ሳበው። እግሩን ጣሳ ላይ ሲዘቀዝቀው የዕቃ እጣቢ የመሰለ ዘይት ወጣ፤ የሸተተው ሽታ ሚጢጢን አፍንጫዋን አስያዛት። የአቧራ መከላከያ ጎማውን በካቻቢቴ ነቀለ፣ ከሥሩ ያለችውን የሽቦ ቀለበት አወጣ፣ ከዚያ ዘንጉንና ቱቦውን እንደሚጣሉ ሰዎች ይዞ እየሳበ ይገጫቸው ጀመር። በአምስተኛው ዘይት የሚያግደው ጎማ ፈንጠር ብሎ ወጣ።

ሚጢጢ በዚህ መካከል ሦስቴ ወደ መንገዱ ወጥታ ተመልሳለች። አንዴ ውሃ ለመግዛት፣ ሳትገዛ ተመለሰች። አንዴ ለእናቷ ለመደወል፣ ቁጥሩን ነክታ ዘጋችው፤ ምን ልትላቸው ነው? እናቷ የጠዋቱን የአባቷን ስልክ ሳይሰሙ አልቀሩም፣ ማዕድ ቤቱም ከሳሎኑ ሩቅ አይደለም። ሰምተው ነው እንግዲህ ስለ መፈግፈጊያ የሚያወሩት። ይህ ከሁሉም በላይ ከነከናት።

«ነይ እስቲ» አለ ባለጥፍሩ።

ዘንጉን በጨርቅ ወልውሎ ወደ ብርሃኑ ይዞታል። ምንም አልታያትም፤ የሚያምር፣ የሚያብረቀርቅ ዘንግ ነው። ጥፍሩን አስቀምጦ ከላይ ወደ ታች አወረደው፤ ድምፅ የለም። ከዚያ ዙሪያውን አዞረው። ትክ፣ ትክ፣ ትክ፣ ትክ።

«ሰማሽ? ጠጠር ቢሆን ነጥብ ነው የሚተወው። ጉድጓድ ደግሞ ቢያጣምመው እንጂ አይጭረውም። ይሄ መስመር ነው፣ ሁሉም ቀጥ ብሎ የወረደ። ሰው ነው የሠራው። በየቀኑ ተቀምጦ፣ ወደ ላይ ወደ ታች፣ በብረት ነገር ፈግፍጎታል። ዘይት እንግዲህ መንገድ ነው የሚፈልገው፤ መቶ መንገድ አውጥቶለታል። ምን ዓይነት ጎማ ያግደዋል?»

የራሷን ጥፍር አስቀምጣ አዞረችው። ትክ፣ ትክ። ሳቋ መጣ፤ ሽቦ የሚበላው አይጥ። ያቺ ኪስ ውስጥ የገባች ቀኝ እጅ። አባቷ መቶ ጊዜ ያወሩትን ታሪክ አስታወሰች፤ የፖስታ ቤቱ አለቃ ጠዋት ጠዋት ሞተሮቹን አሰልፈው፣ የጭስ ማውጫው ላይ ጥርሳቸውን ካላዩበት ሰው አያሰማሩም ነበር። አዳዮቹ ሁሉ ማለዳ ተነሥተው ጭስ ማውጫ በሽቦ ይፈገፍጋሉ። የዚያን ጊዜዎቹ ሞተሮች የፊት ዘንጋቸው በተጣጠፈ ጎማ የተሸፈነ ነበር፤ ነክቶት የሚያውቅ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብታ ያላዩት ለዚህ ነው። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ መንዳቱ ቢቀርባቸውም ማለዳ መነሣቱ አልቀረላቸውም፤ ይፈገፍጋሉ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ እንጂ።

ደስ አላት። ተገኘ፣ እሷ አይደለችም። ደስ ማለቷ ወዲያው አሳፈራት፣ ማፈሯ ደግሞ አናደዳት፤ ስትሰደብ የከረመችው እሷ አይደለችም እንዴ? ተነሥታ ከቆርቆሮው ሥር ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረች።

«ማነው?» አለ ባለጥፍሩ።

«ቤት ያለ ሰው ነው።»

ባለጥፍሩ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ውሃ ውስጥ ነክሮ ዘንጉን በዙሪያው ያሸው ጀመር፤ ቀጥ ያሉት መስመሮች በአግዳሚ ጭረት እስኪደበዝዙ ድረስ። አንዱ ዘንግ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። የጠለቁት ሁለት ሦስት መስመሮች ከታች በኩል አልለቅ አሉ። «እነዚህ አይሞቱም፤ ብቻ ጎማው እዚያ ድረስ እምብዛም አይወርድም» አላት። አዲሱን ጎማ ሲያስገባ የዘንጉን ጫፍ በዘይት የራሰ ፌስታል አለበሰው፣ የጎማው ከንፈር እንዳይቆረጥ። አዲሱን ዘይት የለካው በሕፃን ጡጦ ነው፤ መቶ ሃምሳው መስመር ላይ ሲደርስ እንደ ሐኪም ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። ለሁለቱም እግር እኩል። ሁሉንም ገጥሞ ሲያበቃ መሪውን ይዞ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው፤ ሞተሩ ሰገደና ያለ ድምፅ ተነሣ። ጥፍሩን ዘንጉ ላይ አሳለፈ። ደረቅ።

«እኔ የምችለውን ሠርቻለሁ» አለ። «ያ ሰው እጁን ካላነሣ ግን በሁለት ወር ትመለሻለሽ። ንገሪው።»

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ወጣች። በመንገድ ላይ ሦስቴ ቆማ ዘንጎቹን በጣቷ ዳበሰች፤ ሦስቴም ጣቷ ደረቅ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን እያዘጋጀች ነው የነዳችው። መጀመሪያ «አባዬ፣ በሽቦ መፈግፈግህ ነው» ነበር። መብራት ላይ ስትቆም ሰረዘችው። ከአልጋ የሚያስነሣቸው ያ በርጩማና ያ ሞተር ብቻ መሆናቸውን ታውቃለች፤ ያንን ነገር አንተ ነህ ያበላሸኸው ተብሎ ለአባት ይነገራል? የመጀመሪያዎቹ ጎማዎች ጥሩ አልነበሩም ትላለች፣ አሁን ደህናው ተገጠመ ትላለች፤ ሽቦውን ደግሞ ቀስ ብላ ከኪሳቸው ታወጣና ትጥለዋለች፣ እናቷም እንደገና እንዳይገዙ ትነግራቸዋለች። ቧንቧው ጉድጓድ ጋ ስትደርስ ይህን ወስና ወርዳ ገፋች።

አክስቷ ቀድመው ደርሰዋል። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይዘዋል፤ ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ አዲስ የራስ ቁር ታቅፏል፣ የዋጋው ወረቀት ገና አልተላጠም። አባቷ ወንበራቸው ላይ ናቸው። እናቷ በማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ጨርቅ ያጥፋሉ፤ አንድ ጨርቅ፣ ደጋግመው። ሚጢጢ ሞተሩን ገፍታ አስገብታ ካርቶኑ ላይ አቆመችው።

«አሠርተሽው መጣሽ? ጎሽ የኔ ልጅ» አሉ አክስቷ። «እንግዲህ ልጄ ንጹሑን ይረከባል።»

«አባዬ፣ ጎማው ነበር ችግሩ» አለች ሚጢጢ ወደ አባቷ ብቻ እያየች። «ያኔ የተገጠመው ደህና አልነበረም። አሁን ሌላ ገጥሞልኛል፣ ከእንግዲህ አያፈስም።»

«ያኔም እንዲሁ ብለሽ ነበር» አሉ አባቷ። «ጎማ ቢቀየር ምን ይጠቅማል፣ አነዳድሽ ካልተቀየረ።»

«እኔስ ለአንቺው ብዬ ነው» አሉ አክስቷ፣ ሶፋውን ከጎናቸው መታ መታ እያደረጉ። «ሴት ልጅ ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ! ትንሽ ብታርፊ ምን አለበት? ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ እስቲ።»

ሚጢጢ የሚመታውን ቦታ አየችው። ሁለት ዓመት የተቀመጠችበት ቦታ ነው፤ ስፖንጁ በእሷ ልክ ጎድጉዷል። በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ሁሉ ከአእምሮዋ ጠፋ።

«የፈጀሁት እኔ አይደለሁም» አለች። ድምፅዋ ከገመተችው በላይ ጮኸ። «አባዬ ነው። በየቀኑ ጠዋት በእማዬ የድስት መፈግፈጊያ ዘንጎቹን እየፈገፈገ ነው። ጎማውን የሚቆርጠው እሱ ነው። መካኒኩን ጠይቁት።»

ፍሪጁ አጉረመረመና ቆመ። አክስቷ ሻያቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። አባቷ ተነሡ፤ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ በየመሃሉ እያረፉ ሞተሩ ፊት ተንበረከኩ። ዓይናቸው ቢደክምም ብረት ያውቃሉ። ጥፍራቸውን ዘንጉ ላይ አስቀመጡና አዞሩት። ከላይ ድምፅ የለም። ዝቅ አሉ። ከታች፣ ያ አልሞት ያለው መስመር ጋ ሲደርሱ፣ ሁሉም ሰው ሰማው፤ ትክ። እንደገና አዞሩት። ትክ። እጃቸው እዚያው ላይ ቆየ። ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ ገብቶ የተጨማደደችውን የሽቦ መፈግፈጊያ አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻዩ ጎን አስቀመጣት። እናቷ የእሁዱን መፈግፈጊያቸውን አወቁት።

«ሞተሩ የትም አይሄድም» አሉ አባቷ ለእህታቸው፤ ፊታቸውን ግን ወደ ማንም አላዞሩም። «ልጅሽ ሌላ ይፈልግ።» ማንም ሳይደግፋቸው ተነሥተው መኝታ ቤት ገቡና በሩን ዘጉት። አልወረወሩትም፤ ቀስ ብለው ነው የዘጉት።

አክስቷ ቅር ብሏቸው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ልጃቸው ደረጃው ላይ ለሚጢጢ ጠጋ ብሎ፣ «እኔ እኮ ሞተር እፈራለሁ» አላት በሹክሹክታ፣ የራስ ቁሩን እያገላበጠ። በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

አሸነፈች። ሞተሩ አለ፣ ሥራው አለ፣ ካርቶኑ ላይ አዲስ ጠብታ የለም። ሳሎኑ ውስጥ ግን መቀመጥ አልቻለችም። መስኮት ከፈተች፣ ዘጋች። የነገውን የበረዶ ሣጥን አጠበች፣ ታጥቦ የነበረውን። አባቷ ጠዋት ብቻ አይደለም፣ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆንም ሞተሩ ጋ ይመጡ ነበር፤ የቀኑን አቧራ ለማንሣት። አስራ ሁለት ሆነ። መኝታ ቤቱ ውስጥ አልጋው እንኳ ድምፅ አላሰማም። እናቷ በርጩማውን ዞረው ሲያልፉ ቆም አሉ፣ ሚጢጢን አዩዋት። ወቀሳ አልነበረበትም፤ እሱ ባሰ። የተናገረችው እውነት ነው፣ ቢሆንም ሰው ፊት ነው የተናገረችው። እንደ ሌባ ነው ኪሳቸውን ያስፈተሸቻቸው።

ቁልፉን አንሥታ ሞተሩን ገፍታ አወጣችው። ገና አልጨለመም። ቧንቧው ጉድጓድ ጋ ስትደርስ አልወረደችም። ማርሹን ቀንሳ፣ ቀጥ ብላ፣ መሃሉን ነዳችበት። የፊት ጎማው ጭቃው ውስጥ ተዘፈቀ፣ ዘንጎቹ እስከ መጨረሻው ሰገዱ፣ ውሃው እስከ ጉልበቷ ተረጨ። ዞራ መጥታ ደገመችው። አጥሩ ጋ የቆሙ ጎረቤት «ምን ነካት ይቺ ልጅ?» ሲሉ ሰማች።

ሞተሩን ጭቃው እየተንጠባጠበ ሳሎን አስገብታ ካርቶኑ ላይ አቆመችው። እናቷ ወለሉን አዩት። ሚጢጢ የራሷን አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ከቁም ሣጥን አውጥታ ለሁለት ቀደደችው፣ በርጩማው ላይ አስቀመጠችው፣ በርጩማውን ሞተሩ ፊት አደረገችው።

«አባዬ» አለች ወደተዘጋው በር። «ጭቃ ይዤ ገባሁ።»

ጭቃው ካርቶኑ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

«ጉድጓዱን ሳምሽው?» አለ ድምፃቸው ከውስጥ።

«ሁለቴ።»

አልጋው ሲጥጥ አለ። በሩ ተከፈተና አባቷ ወጡ፤ ማንንም ሳያዩ ካናቴራውን አነሡ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጡ፣ ጨርቁን በጣታቸው ፈተኑት። ለስላሳ ነው። ጭቃውን ከዘንጉ ላይ ማንሣት ጀመሩ። እጃቸው በልማዱ ወደ ላይ ወጣ። ሚጢጢ አፏ ላይ የመጣውን ዋጠችው፤ ለአንድ ቀን በቂ ተናግራለች። እጃቸው መሃል ላይ ቆመ፣ ትንሽ ዋለለ፣ ከዚያ ዘንጉን አቀፈና በዙሪያው መዞር ጀመረ።